ጉርሻ የማይስማማው የቤት እንግዳ

በአገራችን ፍቅር የሚገለጥበት መንገድ ብዙ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በማብላት ይገለጣል። እንግዳ ሲመጣ «ብሉ እንጂ፥ በሞቴ» እንላለን፤ ሕፃን ሲያለቅስ እናጐርሰዋለን፤ በሽተኛ ስንጠይቅም ባዶ እጃችንን አንሄድም። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ ሊጠበቅም ይገባዋል። ነገር ግን ከጉርሻ ብዛት የሚታመም፥ አልፎም የሚሞት አንድ ትንሽ ፍጥረት በዛሬው ጊዜ ወደ አንዳንድ ቤቶች ገብቷልና ስለ እርሱ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን። ይኸውም አኳሪየም በሚባለው የመስተዋት ገንዳ ውስጥ የሚኖረው የወርቅ ዓሣ ነው።

የወርቅ ዓሣ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነው። ከ1,000 ዓመት በፊት ጀምሮ የቻይና ሰዎች በኩሬ እያረቡ ቀዩንና ቢጫውን እየመረጡ አሁን የምናየውን መልክ አስገኙለት። ይሁን እንጂ ለጎጃም ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በጣና ሐይቅና በዐባይ የሚገኙት፥ ሊቃውንት ላቤዮባርበስ የሚሏቸው ትልልቅ ዓሦች ከእርሱ ጋር ከአንድ የዓሣ ወገን ይቈጠራሉ። ስለዚህ በመስተዋት ውስጥ የሚዋኘው ትንሹ ቀይ ዓሣ በቈላው ወንዝ ለሚኖረው ታላቅ ዓሣ የሩቅ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ምሥራቅ ጎጃም በሄድን ጊዜ በቢቸና አንድ ቤት፥ በሞጣም ሌላ ቤት እንዲህ ያለ ዓሣ አገኘን። ሁለቱም ከአዲስ አበባ በላስቲክ ከረጢት ተይዘው የመጡ ነበሩ። ጉዞው ለዓሣ ቀላል አይደለም። መኪናው ከጎሐ ጽዮን ደጋ ወደ ዐባይ በረሃ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ከዚያም ደጀን እስኪደርስ ያንኑ ያህል ይወጣል። ሲወርዱ የአየሩ ጫና ስለሚበረታ ከረጢቱ ይላላል፤ ሲወጡ ደግሞ ይወጠራል። ሙቀቱም እንደዚሁ ይለዋወጣል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር የሚደርስበት ሁሉ በዓሣው ሆድ ውስጥ ባለው አየርም ይደርሳል። ስለዚህ ዓሣ ከመንገድ እንደ ገባ ምግብ አይሰጡትም፤ ከረጢቱን እንደ ታሰረ በገንዳው ውኃ ላይ ለጥቂት ጊዜ አንሳፈው ሙቀቱ ሲስተካከል ዓሣውን ይለቁታል፤ አንድ ቀንም ያሳርፉታል።

በሁለቱም ቤት ያየነው ደዌ አንድ ዓይነት ነበረ። የዓሣው ሆድ ተነፍቷል፤ ወደ ታች ለመውረድ ቢታገልም እንደ ቡሽ ተመልሶ ይንሳፈፋል፤ ጐኑንም ወደ ላይ አድርጎ ይተኛል። ሌላ ዓሣ ደግሞ በተቃራኒው ከገንዳው ወለል መነሣት ሊያቅተው ይችላል። ምክንያቱን ለማወቅ የዓሣውን ውስጥ ጥቂት መረዳት ያስፈልጋል። በሆዱ ውስጥ ከአንጀቱ በላይ የአየር ከረጢት አለው፤ ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ በውኃ መካከል የሚቆመው በዚህ ነው። የወርቅ ዓሣ የአየር ከረጢት በቀጭን ቧንቧ ከጉሮሮው ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ አየር መጨመርም መቀነስም ይችላል። ከዚህም በላይ የወርቅ ዓሣ እንደ እኛ ጨጓራ የለውም፤ የዋጠው ሁሉ በቀጥታ ወደ አንጀቱ ይገባል። እንግዲህ አንጀቱ በምግብ ሲወጠር የአየር ከረጢቱን ይጫነዋል፤ ሚዛኑም ይጠፋል። ክብ ሰውነትና አጭር ወገብ እንዲኖራቸው ተመርጠው የረቡት የወርቅ ዓሦች ውስጣቸው የተጣበበ ስለ ሆነ ከሌሎቹ ይልቅ ለዚህ ደዌ የተጋለጡ ናቸው።

በቢቸናው ቤት ገንዳው የተቀመጠው በእንግዳ መቀበያው ክፍል ነበር። የመጣ ሁሉ ዓሣውን ያያል፤ ዓሣውም ሰው ሲያይ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል። «አዬ፥ ርቦት ነው!» ይሉና አንዱ የዳቦ ፍርፋሪ፥ ሌላው ቁራሽ እንጀራ ይጥሉለታል። የዚህ ዓሣ ጠባይ ግን ቢጠግብም አፉን መክፈት ነው። እንጀራና ዳቦ ውኃ ሲነካቸው ያብጣሉ፤ የተረፈውም በስብሶ ውኃውን ይመርዛል። ዓሣው በታመመ ቍጥር «ደክሞታል» እየተባለ ምግቡ ይጨመርለት ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሞተ። በዚያ ቤት የጠላው ሰው አልነበረም፤ የገደለው የሁሉ ደግነት ነው።

በሞጣው ቤት የነበረችው እናት ግን ደዌውን እንዳየች ምግቡን ከለከለች። ዓሣውን የራሱ አድርጎ የያዘው የዘጠኝ ዓመት ልጇ በዚህ አለቀሰ። «እማዬ፥ ዓሣዬን በረኀብ ልትገድይብኝ ነው?» አላት። እርስዋም «የኔ ልጅ፥ አንተ ሆድህን ባመመህ ጊዜ ቈሎ ሰጠሁህን? እርሱም እስኪሻለው ይታገሥ» ብላ መለሰችለት። ያደረገችውን ተራ በተራ እንጽፋለን፤ ሌላውም ቤት ሊያደርገው ይችላልና።

በመጀመሪያ የውኃውን ሩብ ቀድታ አፈሰሰችና በንጹሕ ውኃ ተካችው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው አንድ ቀንና ሌሊት በሰፊ ዕቃ ክፍቱን መዋል ማደር አለበት፤ ሙቀቱም ከገንዳው ውኃ ጋር መተካከል ይገባዋል። ሁለተኛ፥ ዓሣው እንዳይደክም የውኃውን ጥልቀት ቀነሰችለት። ሦስተኛ፥ ሦስት ቀን ምንም አላበላችውም። ያደገ ጤነኛ የወርቅ ዓሣ አንድ ሳምንት ያህል ያለ ምግብ ሊቆይ ስለሚችል በዚህ የሚጐዳ አይደለም። ጾም ለለመደ ቤት ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም ነበር፤ ሆኖም ሌላውን ማስጾም ራስን ከማስጾም ይልቅ የሚከብድ መሆኑን በዚያ ልጅ ፊት አየን።

በአራተኛው ቀን አተር ያለ ጨውና ያለ ቅመም እስኪለሰልስ ተቀቀለ፤ ልጣጩ ተገፎ ከዓሣው ዐይን የማይበልጥ ቅንጣት ተሰጠው። አተር በውስጡ ባለው ገለባማ ነገር አንጀትን ያላላል፤ የማይንሳፈፍ ስለ ሆነም ዓሣው ሲበላ ከላይ አየር አይውጥም። ለጎጃም ቤት አተር ከጓዳ የማይጠፋ ስለ ሆነ መድኃኒቱ በደጃችን ነው ማለት ነው። ሆዱ ሳይላላ ለሚዘገይ ዓሣ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለው ጨው ይረዳል፤ ለ20 ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ በጥቂት ውኃ አሟሙቶ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ይህ ለወጥ ከምንጨምረው ጨው የተለየ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ለሰው የተሠራ ኪኒን ፈጭቶ በውኃ ውስጥ መበተን ግን የማይገባ ነው፤ ውኃውን የሚያጠሩትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይገድላልና።

ሌላም ልናስታውሰው የሚገባ የአገሩ ጠባይ አለ። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያሉ ደጋዎች ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃው የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በጠባብ ዕቃ ብዙ ዓሣ ማጨቅ በደጋ ይልቁን ይጐዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ የዓሣው አንጀት ሥራውን ያዘገያል፤ በዚያ ወራት ምግቡን መቀነስ፥ ገንዳውንም ከመስኮትና ከበር ነፋስ ማራቅ ይገባል። በደኅናው ጊዜም ቢሆን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፥ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ የሚበላውን ያህል ብቻ መስጠት ይበቃል። የደረቀውን መኖ አስቀድሞ በውኃ ማራስ በሆዱ ውስጥ እንዳያብጥ ይረዳል።

የሆድ መነፋት ሁሉ ግን ከምግብ የመጣ አይደለም። እንቍላል የያዘች ሴት ዓሣ ያለ ሕመም ሆዷ ይሞላል። ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቶቹ ላባዋን እንዳቆመች ዶሮ ከተነሡ ግን ውስጡ ውኃ ቋጥሯል፤ ይህ የኵላሊት ወይም የሌላ ብርቱ ሕመም ምልክት ነው፤ በአተርም በጾምም አይድንም። እንዲህ ያለውን ለብቻው ለይቶ የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ የማይድን መሆኑንም ለልጆች ሳይደብቁ መንገር ደግ ነው።

ተስፋ የቈረጡ ሰዎች «ነጻ ይውጣ» ብለው የታመመውን ወይም የሰለቻቸውን ዓሣ ወደ ወንዝ ለመጣል ያስቡ ይሆናል። ይህ ርኅራኄ ይመስላል እንጂ ርኅራኄ አይደለም። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች ወደ ዐባይ ይገባሉ። የቤት ዓሣ በሽታውን ለወንዙ ዓሦች ሊያጋባ ይችላል፤ ቢድን ደግሞ ተራብቶ ምግባቸውንና እንቍላላቸውን ይበላል። በልዩ ልዩ አገሮች የተጣሉ የወርቅ ዓሦች የሐይቆችን ውኃ እስከ ማደፍረስ ደርሰዋል።

የሞጣው ዓሣ በስድስተኛው ቀን ወደ ታች መውረድ ቻለ። ፈጽሞ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ሲዋኝ ጥቂት ወደ ግራ ያዘነብላል። ልጁ ግን የምግቡን ቆርቆሮ ከእንግዶች እጅ የሚጠብቅ ዘበኛ ሆኗል፤ «አይሆንም፥ ጧት በልቷል» ይላል። የተወደደን ፍጥረት «በሞቴ» ብሎ ማጉረስ ቀላል ነው፤ ለጤናው ሲባል እጅን መሰብሰብ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ወላጆችም ልጆቻቸው ዓሣ አምጡልን ባሏቸው ጊዜ ከገንዳውና ከመኖው አስቀድመው ይህን ቢያስተምሩአቸው፥ ዓሣውም ዕድሜ ያገኛል፤ ልጆቹም ከዓሣው የሚበልጥ ነገር ተምረው ያድጋሉ።