በቃል ያለ ይረሳል

በገነተ ማርያም መንገድ ዳር ኮንቴነር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሱቅ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ሲያመላልስ ኖሮ በመጨረሻ በርና መስኮት የወጣለት፣ ስኳርና ሳሙና የሚቸረቸርበት የብረት ሳጥን። ዛሬ የምናወሳው ግን በኮምፒዩተር ውስጥ ስላለው ኮንቴነር ነው። ውድ አንባብያን፣ «ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉ። ነገሩ ነገ ከምንገባበት ክፍል ድረስ ይመጣል።

አንዳንዶቻችን በተማርንበት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ነበረ። የትኛው ፕሮግራም በየት በኩል እንደሚከፈት የሚያውቁት ግን አንድ መምህር ብቻ ነበሩ። ዝውውር ደረሳቸውና ሄዱ፤ ክፍሉም ተቆለፈ። ማሽኖቹ ደህና ነበሩ፤ የጠፋው እውቀቱ ነው። በእርሳቸው አንፈርድም። በማውስ እዚህም እዚያም እየተጫኑ የሠሩትን ነገር ለተተኪ ምን ብለው ይጽፉለታል?

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ አይዲያል ኤክስ በተሰኘች መርከብ 58 ሳጥኖችን ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። ብልሃቱ ዕቃው ሳይራገፍ ሳጥኑ እንዳለ ከመኪና ወደ መርከብ መሻገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ዶከርም ይህንኑ በፕሮግራም ላይ አደረገው። አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል፤ «እኔ ጋ ይሠራል፤ አንተ ጋ ለምን እምቢ አለ?» የሚለው ንትርክ በጣም ቀነሰ። ኮንቴነሮቹ በአንድ ግቢ እንደሚኖሩ ተከራዮች ናቸው፤ ቆጣሪውና ቧንቧው የጋራ ነው፣ የየክፍሉ ቁልፍ ግን ለየብቻ ነው። ለየአንዳንዱ አዲስ ቤት ስለማይሠራ አቅሙ አነስተኛ በሆነ ማሽንም ላይ ብዙ ማስኬድ ይቻላል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ያሻል፤ ለእኛ ለእጩ መምህራን ደግሞ ምሳሌው ቅርብ ነው። ኢሜጅ የሚባለው እንደ ዋናው የፈተና ወረቀት ነው፤ አይነካም፣ ይባዛል። ኮንቴነር ለተማሪ የታደለው ቅጂ ነው፤ ተማሪው የጻፈበት ወደ ዋናው አይተላለፍም፣ ቅጂው ከተቀደደም መልሱ አብሮ ይጠፋል። ቮልዩም ደግሞ የውጤት መመዝገቢያው ነው፤ ወረቀቱ ቢጣል ማርኩ ይኖራል። የተማሪዎችን ውጤት ያለ ቮልዩም በኮንቴነር ውስጥ የሚያስቀምጥ መምህር መዝገቡን በፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ እንደጻፈ ይቁጠረው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ይታዘዛል? በጥቁሩ መስኮት ላይ በሚጻፉ ጥቂት ቃላት። ሲጻፉ በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ንባባቸውን እናስፍር። «ዶከር ራን» ከኢሜጅ አዲስ ኮንቴነር ያስነሣል። «ዶከር ፒኤስ» አሁን የሚሠሩትን ይቆጥራል፤ ስም እንደ መጥራት ማለት ነው። «ዶከር ሎግስ» ኮንቴነሩ ምን ሲል እንደቆየ ይነግረናል። «ዶከር ስቶፕ» ያስቆማል፣ «ዶከር ስታርት» የቆመውን ያስቀጥላል። «ዶከር አርኤም» ግን የቆመውን ኮንቴነር ይሰርዛል፤ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ እጅ ከመሄዱ በፊት ዓይን ይሂድ።

ኢንተርኔት በሌለበትስ? «ዶከር ሴቭ» ኢሜጁን በአንድ ፋይል ያስቀምጣል፤ በፍላሽ ይዘን ሌላ ትምህርት ቤት ስንደርስ «ዶከር ሎድ» ብለን እናራግፈዋለን። ለምሳሌ ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ይጓጓዛል። የዊኪፒዲያን መጻሕፍት መሰል ፋይል አንዴ ካወረድንለት፣ የአማርኛውንም ጭምር፣ ተማሪዎች በክፍሉ መስመር ብቻ ያነቡታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮንቴነሩ ራሱ እንዲነሣ ከፈለግንም ስናስነሣው «ሪስታርት» የሚለውን ምርጫ መጨመር ነው።

«ቃላቱ እንግሊዝኛ ናቸው፤ ይከብዳሉ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ያስፈራል። ነገር ግን ከአሥር አይበልጡም፤ የጉሙዝኛም ሆነ የሺናሽኛ ወይም የአማርኛ ተናጋሪ እኩል ይማራቸዋል። ዋናው ጥቅማቸው ደግሞ ሌላ ነው፤ ይጻፋሉ። በማውስ የተሠራ ሥራ ከሠሪው ጋር ይሄዳል፤ በትእዛዝ የተሠራ ግን በወረቀት ላይ ይቀራል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለብራና ብቻ አይደለም።

እኛም ተመርቀን በየገጠሩ እንበተናለን፤ ከዚያም ወይ እንዛወራለን ወይ እንታመማለን። እንግዲህ ከአሁኑ ልማድ እናድርገው። በምንመደብበት ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ካለ፣ የሠራንባቸውን ትእዛዞች በተራ ቁጥር ጽፈን፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚያደርግ በአማርኛ አስረድተን፣ በክፍሉ ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። ከመለጠፋችን በፊትም ምንም የማያውቅ አንድ ተማሪ ወረቀቱን እያነበበ ብቻውን ይሞክረው። እርሱ ከቻለ፣ እኛ በሄድን ማግሥት ክፍሉ አይቆለፍም።