የአይቲ መምህሩ ስልሳ ሰዓት

ከሁሉ በፊት አንድ ዜናዬን ላርም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ለሁለተኛ ደረጃ የአይቲ መምህራን የሦስት ቀን ሥልጠና ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ የተጠራሁት ለመክፈቻው ነው። ባነሩ ተሰቅሏል፣ የታሸገ ውሃ በየጠረጴዛው ተደርድሯል፣ የክብር እንግዳው አርፍደው መጥተው ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ንግግሩን ቀዳሁ፣ ሁለት ሰው አናገርኩ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ወጣሁ። በር ላይ «ለትራንስፖርት» ተብሎ ፖስታ ተሰጠኝ፤ ተቀበልኩ። ማታውኑ «መምህራን የፕሮግራሚንግ ሥልጠና ወሰዱ» የሚል ዜና ጽፌ ላክሁ። «ወሰዱ» ስል ሥልጠናው ሊያልቅ ገና ሁለት ቀን ይቀረው ነበር።

ከሳምንት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ዜናህን አነበብኩት። ከሠልጣኞቹ አንዱ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ብዬ ነው። እነዚያ ፕሮግራሚንግ የሠለጠኑት መምህራን የትኛው አዳራሽ ነበሩ? እኛ ጋ እንኳ አልነበሩም።»

ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ የሦስቱን ቀን ውሎ ነገሩኝ። የመጀመሪያው ቀን በንግግርና በትውውቅ አለቀ። በሁለተኛው ቀን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በስላይድ ገለጻ ተደረገ። ከሰዓት በኋላ የተግባር ልምምድ ተባለ፤ ግን ሶፍትዌሩ አስቀድሞ ላፕቶፖቹ ላይ አልተጫነም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ላውርድ ሲል የሆቴሉ ዋይፋይ ቆመ። ሦስተኛው ቀን የመዝጊያ ንግግር፣ ሰርተፊኬትና የቡድን ፎቶ ነበር። «አበሉ ግን በሰዓቱ ተከፍሎናል፤ እሱን አልዋሽም» አሉኝ።

እኔ ያንን ዜና እስከዛሬ አላረምኩትም። ይህን ጽሑፍ እንደ እርማት ቁጠሩልኝ።

*

መምህሩ የሚያስተምሩት ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን አልፎ ባለ አንድ ከተማ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሄጄ ሁለት ቀን አብሬያቸው ዋልኩ።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ11ኛ ክፍል የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መጽሐፍ ቀላል አይደለም። ዳታቤዝ አለው፣ ድረ ገጽ መሥራት አለው፣ የኮምፒውተር ጥገናና ብልሽት ፍለጋ አለው፣ የፕሮግራሚንግ መሠረታውያን አለው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ከነበረው ጋር ሲተያይ ሰማይና ምድር ነው። መምህሩ ግን ይህን የሚያስተምሩት ላብ ውስጥ ካሉት 14 ኮምፒውተሮች በሚሠሩት ዘጠኙ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ የሚጠጋ ተማሪ አለ። መብራት ከሄደ ዘጠኙም ዜሮ ናቸው።

ይህን ሁላችሁም ትገምታላችሁ። እኔ ያልገመትኩት ሌላውን ነው።

ጠዋት ላብ ገብተን ገና ሳንቀመጥ አንድ ልጅ መጣ፤ «ቲቸር፣ ዳይሬክተሩ ይፈልጉዎታል፤ ፕሪንተሩ ወረቀት ይዟል።» ሄዱ። ሲመለሱ የሒሳብ መምህሩ የፈተና ጽሑፍ በፍላሽ ይዘው በር ላይ ይጠብቃሉ፤ ቫይረስ በልቶታል። ከሰዓት በኋላ የተማሪ ምዝገባ ኦንላይን ካልተሞላ ተብሎ ከክፍል ተጠሩ። በዚያ ቀን ያስተማሩት ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው፤ የጠገኑት ግን አምስት ነገር። ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህር የቀጠረ ይመስለዋል እንጂ በተግባር የያዘው ነፃ የጥገና ባለሙያ ነው።

ደግሞ ብቻቸውን ናቸው። ይህንን ቆም ብላችሁ አስቡት። አንድ የፊዚክስ መምህር አንድ ምዕራፍ ቢያስቸግረው መምህራን ማረፊያ ገብቶ «ይሄን አንተ እንዴት ነው የምታስተምረው?» ብሎ የሚጠይቀው ሌላ የፊዚክስ መምህር ያገኛል። የእኚህ ሰው ትምህርት ቤት ግን ያለው የአይቲ መምህር አንድ ነው። ልጆቹ ሉፕ አልገባ ሲላቸው ጥፋቱ የልጆቹ ይሁን፣ የመጽሐፉ ይሁን፣ የእሳቸው ይሁን የሚነግራቸው ሰው በግቢው ውስጥ የለም።

አገራችን ለመምህራን የሙያ ማሻሻያ ሥርዓት አልሠራችም እንዳይባል፣ ሠርታለች። ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ወይም በመምህራኑ አጠራር «ተሙማ» የሚባለው ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው ዕድገት እንዲያውል ያዛል። ትምህርት ቤቶችም ልምድ እንዲለዋወጡ በጉድኝት ማዕከል ተደራጅተዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ሐሳብ መልካም ነው። መምህሩ ፖርትፎሊዮአቸውን አውጥተው አሳዩኝ። 60ውም ሰዓት ተሞልቷል፣ ተፈርሟል፣ ማኅተም አርፎበታል። የዓመቱ ርዕሳቸው የተማሪዎችን ማርፈድ መቀነስ ነው፤ ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ መምህራን ጋር በአንድ ቡድን ስለተመደቡ ሁሉንም የሚያስማማው ርዕስ ማርፈድ ሆኖ ተገኘ። ከስልሳው ሰዓት ውስጥ ስለ ኮምፒውተር ትምህርት የተወራበት አንድም የለም።

*

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርት ሲጀመር አስተማሪው ግድግዳ ላይ ባለው ስክሪን ውስጥ ሆኖ በፈጣን እንግሊዝኛ ያወራ ነበር። የክፍላችን መምህር ከፊት ጥቂት ደቂቃ፣ ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት መሐሉን ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ ያያል። መብራት ሲሄድ ትምህርቱም ይሄዳል። ትልቁ ስህተት ቴሌቪዥኑ መገዛቱ አልነበረም፤ መምህሩን እንደ ተመልካች መቁጠሩ እንጂ።

ዛሬም ያንኑ እንዳንደግም እፈራለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ተጀምሯል። ኦንላይን ነው፣ ነፃ ነው፣ ሰርተፊኬት አለው። እኔም አልቃወመውም፤ መምህሩም ኮርስ ወስደውበታል። ነገር ግን ፕሮግራሚንግ መቻልና ፕሮግራሚንግን ለስልሳ ልጅ በዘጠኝ ኮምፒውተር ማስተማር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ከስክሪን መማር ይቻላል። ሁለተኛውን የሚያውቀው ትናንት እዚያው ችግር ውስጥ የነበረ ሌላ መምህር ብቻ ነው።

*

በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ያየሁት ይህንን ነው።

ከአምስት ትምህርት ቤት የመጡ 11 የአይቲ መምህራን በመምህሩ ላብ ተሰበሰቡ። ባነር የለም፣ አበል የለም። ትራንስፖርቱን እያንዳንዱ ከኪሱ ከፍሏል። ቡናውን የግቢው ጥበቃ ባለቤት አፈሉልን። የስብሰባው ደንብ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው በዚያ ወር ያስተማረውንና ያልተሳካለትን አንድ ትምህርት ይዞ ይመጣል።

አንድ ወጣት መምህር ሉፕን በቡና እንዳስረዳ ተናገረ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ያው ሥራ ሦስት ጊዜ ይደገማል፣ ከዚያ ይቆማል። ልጆቹ ወደዱት፤ ፈተና ላይ ግን ወደቁ። ለምን?

አንዲት መምህርት ቀበል አደረገች፦ «ምክንያቱም ቡናው በየዙሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ውሃ እየጨመርክ እየቀጠነ ነው የሚሄደው። ልጆቹ የሳቱት እሱን ነው፤ በየዙሩ የሚለወጠውን ነገር አላሳየሃቸውም።» ሌላው ቀጠለ፦ «እናቴ ቤት ደግሞ ሦስት ላይ አይቆምም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይቀጥላል። ሦስት ጊዜ ድገም ማለትና እንግዳ እስካለ ድረስ ድገም ማለት ሁለት የተለያዩ ሉፖች ናቸው፤ መጽሐፉም የለያቸው ለዚህ ነው።» ወጣቱ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ሃያ ደቂቃ ስለ ቡና ተከራከሩ፤ ፕሮግራሚንግ ለማያውቅ ለእኔ እንኳ ገባኝ። በዚያ ሆቴል በሦስት ቀን ያልተሠራ ሥራ ነው።

ቀጥሎ አንዱ ያለ ኮምፒውተር ማስተማርን አሳየ። መምህራኑን ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አስይዞ አሰለፋቸውና ሁለት ሁለቱን ብቻ እያነጻጸሩ ከትንሽ ወደ ትልቅ እንዲደረደሩ አደረገ። ይህ ዘዴ የእሱ ፈጠራ አይደለም፤ በኒው ዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲው ቲም ቤልና ባልደረቦቹ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ ያስፋፉት ነው። ለእኛ ግን መብራት በሄደ ቀን ትምህርቱ እንዳይሄድ የሚያደርግ ነገር ነው።

ቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕም አለው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ግሩፑ ዝም አለ። ያኔ የትምህርት ማስታወሻቸውን በፍላሽ እየጫኑ በሚኒባስ ሾፌር ይላላኩ እንደነበር ነገሩኝ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ እሱም ይቀራል።

*

ይህ ነገር የድሃ አገር መላ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው መምህራኑ በየትምህርት ቤቱ ብቻቸውን ስለነበሩ ጭምር ነው፤ ዛሬ በየአካባቢው ቅርንጫፍ፣ በየዓመቱም ጉባኤ አለው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥቂት መምህራን፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎችና የኢንዱስትሪ ባለሙያዎች ተሰባስበው «ኮምፒውቲንግ አት ስኩል» የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ዋናው ሥራው መምህራን በየሰፈራቸው ተገናኝተው ትምህርት እንዲለዋወጡ ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 እንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርቷን ቀይራ ፕሮግራሚንግን ከታች ክፍል ስታስጀምር፣ እስከዚያ ድረስ የጽሕፈት ፕሮግራም ሲያስተምር የነበረው መምህር የሚደገፍበት መረብ ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር።

ይሁን እንጂ በጎ ፈቃድ ብቻውን አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 የሮያል ሶሳይቲ ጥናት የአገሪቱን የኮምፒውተር ትምህርት የተቆራረጠና በቀላሉ ሊሰበር የሚችል ሆኖ አገኘው። ከዚያ በኋላ መንግሥት 84 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ መምህራንን የሚያሠለጥን ብሔራዊ ማዕከል አቋቋመ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ መምህራኑ ተገናኙ፣ ከዚያ መንግሥት ለተገናኙት ገንዘብ አወጣ። እኛ ዘንድ ግን ገንዘቡ መጀመሪያ ሆቴሉ ጋ ይደርሳል።

*

የምጠይቀው 84 ሚሊዮን ፓውንድ አይደለም። ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የቅዳሜው ሰዓት ከ60ው ሰዓት ይቆጠርላቸው። ማርፈድን ስለ መቀነስ የተሞላ ቅጽ ከተቆጠረ፣ ስለ ሉፕ የተደረገ ክርክር የማይቆጠርበት ምክንያት የለም። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ፊርማ ነው።

ሁለተኛ፣ ብቻውን የሆነ መምህር ከሌላ ትምህርት ዓይነት ጋር ሳይሆን በጉድኝቱ ካሉ የሙያ ባልደረቦቹ ጋር ይመደብ። የአንድ ሆቴል ሥልጠና ወጪ የስንት መምህር የዓመት ትራንስፖርት እንደሚሆን ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ያስላው።

ሦስተኛው ለእኛ ለጋዜጠኞች ነው። «ሥልጠና ተሰጠ» ብለን ከመጻፋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ሥልጠናው ይሰጥ ያለው መምህሩ ነው ወይስ በጀቱ? ሠልጣኙ በእጁ ምን ሠራ? ከሦስት ወር በኋላ ክፍሉ ድረስ ሄዶ የሚያየው ማን ነው? ፖስታውን በተመለከተ እኔ ከዚያ ወዲህ አልተቀበልኩም፤ ይህንን ጀግንነት ብዬ ሳይሆን ዘግይቼ እንደተማርኩት አድርጋችሁ ያዙልኝ።

ከሰሜን ሸዋ ስመለስ ስለ ቅዳሜው ስብሰባ ዘገባ ጽፌ ለአንድ ሚዲያ አቅርቤ ነበር። «ጥሩ ነው፤ ግን ዜናው ምኑ ላይ ነው?» ተባልኩ። የክብር እንግዳ የሌለው፣ ባነር የሌለው፣ አንድም ሰው ያላስጀመረው ነገር ዜና አልሆነም። ለዚህ ነው እዚህ ያወጣሁት።

ባለፈው ወር ለመምህሩ ደወልኩ። ያ የቡናው ወጣት አንድ ባንክ የአይቲ ክፍል ገብቷል። «አልፈርድበትም፤ ልጅ ወልዷል» አሉኝ። ሌሎች ሁለትም ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል፣ ሁለቱ ደግሞ ትራንስፖርቱ ከብዷቸው ቀርተዋል። ከ11ዱ የቀሩት ስድስት ናቸው።

«ታዲያ ስብሰባው ቆመ?» አልኳቸው።

«ኧረ ምን ሲደረግ! የዚህ ወር ተራ የእኔ ነው። ዳታቤዝ አልሆን ብሎኛል፤ እሱን ይዤ እገባለሁ።»

እናንተ መካከል የአይቲ መምህር ካለ፣ ወይም መምህሩን የምታውቁ፣ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ያለውን ባልደረባውን ያውቀው እንደሆነ ጠይቁልኝ። መልሱን አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉ፤ አንድ በአንድ አነባለሁ።