የእድር መዝገብና የሰፈር ቦይ

አንባቢ ሆይ፤ አዲስ አበባን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ዋናውን ጎዳና ተመልክቶ ይመለሳል። እርስዎ ግን በሐምሌ ወር፥ ዝናም ሲያባራ፥ ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ አንድ አሮጌ ሰፈር የውስጥ መንገድ ይግቡ።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱም ባለሙያውም በየጉብታው ሰፈሩ፤ ደጃች ውቤ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ይህንኑ ያስታውሳሉ። በጉብታዎቹ መካከል ወንዝና ሸለቆ ስላለ፥ ከእንጦጦ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ በየጠባቡ መተላለፊያ ይፈስሳል። ቦዩ በቆሻሻ ሲደፈን ውሃው ወደ ሰው ግቢ ይገባል፤ ክዳኑ ሲሰበርም ማታ ከሥራ የሚመለሰው፥ ጧት ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ሕፃን ይወድቅበታል። ማዘጋጃ ቤት አንድ ነው፤ ቦዩ ግን እልፍ ነው።

ታዲያ ማን ይጠግነው? መልሱ ያለው በዚያው ሰፈር፥ በእድሩ መዝገብ ውስጥ ነው። እድር ሰብሳቢ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ወርኃዊ መዋጮ ይሰበስባል፤ የቀረውን ይቀጣል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ተነፍቶ ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል። ይህ ሁሉ ኃይል ለቀብር ብቻ ይነሣ ዘንድ ማን ፈረደ?

ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በብዙ ሰፈር ይህ ተፈትኗል። ነዋሪው ኮሚቴ መርጦ ድርሻውን አዋጣ፤ መንግሥት የቀረውን ጨመረ፤ ወጣቶች ድንጋዩን በመዶሻ ጠርበው በአሸዋ ላይ ደረደሩት። ኮብልስቶን አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ቢላቀቅ ጎረቤት አንሥቶ መልሶ ሊያስቀምጠው ይችላል።

«ግብር እየከፈልኩ ለምን?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ትልቁ ፍሳሽ የማዘጋጃ ቤት ዕዳ ነው። ነገር ግን የቦይ ክዳንና የደጃፍ መብራት ለጎረቤት አይከብዱም። ለትልቁም ቢሆን፥ የአንድ ሰው አቤቱታ ከፋይል ሥር ሲቀር፥ የእድር ማኅተም ያረፈበት ማመልከቻ መልስ ይጠይቃል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሰፈሩ ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወረውም ቢሆን የጋራ ደረጃና የጋራ ግቢ አለው።

እርስዎ ተማሪ ወይም ጸሐፊ ነዎት፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ፥ ማመልከቻ መጻፍ ያውቃሉ። ስለዚህ በግንቦት፥ ክረምቱ ሳይገባ፥ በእድርዎ ስብሰባ ላይ እጅዎን አውጥተው አንድ ጉዳይ ብቻ ያስይዙ፦ የቦዩን ክዳን። አስከሬን ተሸክመን በጭቃው ላይ እስክንንሸራተት ድረስ መጠበቅ አይገባንም።