ጓሳ በእግር ይታያል

ባሕር ያላቸው አገሮች በዳርቻቸው መንገድ የሚያበጁት ለመድረስ ብቻ አይደለም፤ እየሄዱ ለማየትም ነው። ከኬፕ ታውን ወጣ ብሎ የሚገኘውና በ1922 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቻፕማንስ ፒክ መንገድ 9 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ 114 ጊዜ ይጠማዘዛል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚነዳበት ባሕሩን በመስኮት እያየ ለመንሸራሸር ነው። የእኛ ዳርቻ ደጋው የሚያልቅበት ገደል ነው። ከጣርማ በር ወደ ሰሜን የሚዘልቀው የመንዝ ጠርዝ ጓሳ ላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ይልና ድንገት ይቆረጣል። ከሥሩ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሸዋ ሮቢትና የቀወት ማሽላ፤ ከዚያ ወዲያ የአፋር ምድር። ይህን ገደል ያቆመው አፋርን ዝቅ ያደረገው የምድር መሰንጠቅ ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተከፈለው በዚሁ ኃይል ነው፤ የጂኦሎጂ ሊቃውንትም ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ እዚያ ባሕር እንደሚተኛ ይናገራሉ። እዚህ ጠርዝ ላይ የሚወርደው ዝናብ እንኳ ይለያያል፤ ወደ ምዕራብ የፈሰሰው በጀማ በኩል ዓባይ ገብቶ ሜዲትራኒያን ሲደርስ፣ ወደ ምሥራቅ የወረደው አዋሽን ተከትሎ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ይህን ስፍራ እንዴት እንጎብኘው ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ቁርጥ ያለ ነው፤ መኪና እስከ ነባሩ መንገድ ያድርሰን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ይሁን፣ ወደ ጠርዙ የሚያስገባ አዲስ የመኪና መንገድም አይከፈት።

መንዳቱን አልነቅፍም። ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ዋናው መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን በቆፈረው ዋሻ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የመንዙ መንገድ ግን ወደ ግራ ታጥፎ፣ ከፍታውን ሳይለቅ፣ በኦፓሏ በምትታወቀው መዘዞ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ ያቀናል። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ጸጉሩ ለባናና ለበርኖስ የሚሸለተው የመንዝ በግ፣ አልፎ አልፎም የገደሉ ሰማያዊ ጭጋግ፤ ይህ ሁሉ ከመኪና ሆኖ ያምራል። መኪና ትልቁን ያሳያል። ጓሳን ጓሳ ያደረገው ነገር ግን ከጉልበት በታች ያለ ነው።

የጓሳ ሣር እንደ መስክ ሣር ተነጥፎ አይበቅልም፤ በየጉቶው ተቋጥሮ ይቆማል፤ በጉቶና በጉቶ መካከልም የአይጥ ጉድጓድና ቶስኝ አለ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ጅብራው ብቻውን ይታያል። ሌሊቱን ገደል ላይ ያደረው ጭላዳ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣና ቁጭ ብሎ እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ ሣሩን አንድ አንድ እየነጨ ይውላል። በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረው ቀይ ቀበሮም በዚሁ መንጋ መካከል ይመላለሳል። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የጓሳ ጥናት እንደሚያሳየው ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን 25 በመቶ ብቻ። መንጋው ውስጥ ሲገባ ዝግ ብሎ ይራመዳል፣ ግልገሎቹንም አይተናኮልም፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ይህ እውቀት የተገኘው ተመራማሪዎች ቀን ከቀን መንጋውን በእግር ስለተከተሉ ነው። ሞተር በቆመበት ርቀት ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ቡናማ ነጠብጣብ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አለኝ፤ እሱም የመንዝ ሰው ሕግ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን ያቆየው ቄሮ የተባለው ሥርዓት ነበር። የአካባቢው ቀደምት አባቶች የሆኑት የአስቦና የጌራ ዘሮች መሬቱን በአጽመ ርስት ይዘው በመረጧቸው አለቆች ያስጠብቁት ነበር። ሣሩ ቶሎ አያድግምና ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ደርሷል ሲባል በበጋው ይከፈትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይታጨድ ነበር፤ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ደግሞ ይዘጋ ነበር። ተመራማሪው ዘለዓለም ተፈራ ይህን ሥርዓት አጥንቶ በዝርዝር ጽፎታል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የርስት መብቱ ቀረ፣ ቄሮውም አብሮ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመ፣ ዛሬም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ ነው። ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው። እዚህ ቦታ የምናደንቀው ውበት ሰው ያልነካው ሆኖ የተረፈ ሳይሆን፣ ባለቤቶቹ እጃቸውን በፈቃዳቸው እየሰበሰቡ ያቆዩት ነው። ገበሬው አምስት ዓመት ሲታገስ ጎብኚው ግማሽ ቀን መራመድ አልችልም ካለ ሚዛኑ ይዛባል።

ሦስት መቃወሚያዎች ይነሱብኛል። የመጀመሪያው ስለ አረጋውያንና ሕሙማን ነው፤ በ3,500 ሜትር ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥር እውነት ነው። ለእነሱ ነባሩ መንገድ አለ፣ በቅሎም የመንዝ አገር መጓጓዣ ነው። ሁለተኛው የመሐል ሜዳ ነዋሪ መንገድ ያስፈልገዋል የሚል ነው። ያስፈልገዋል! ለገበያ፣ ለሐኪም ቤት፣ ለትምህርት የሚሠራ መንገድ ከጎብኚ ሽርሽር ጋር በአንድ ዓይን አይታይም፤ የምቃወመው ወደ ገደሉ አፋፍ የሚገባውን የመዝናኛ ጎማ ብቻ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የድሮው ሕግ ዘሩ ከአስቦና ከጌራ ያልሆነውን ከሣሩ የሚያገል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ለማገዶ ጨረንፈስ የተባለውን ቁጥቋጦ የምትለቅም እናት እየተከለከለች ከተሜው ለደስታው ይራመድ ማለት ግፍ ነው ይሉኛል። ይህን በቀላሉ አላልፈውም። የእናትየዋን ጉዳት የሚያካክስ ነገር ጎብኚው ካላስቀረ፣ እውነትም መሄድ የለበትም። እዚህ ላይ ግን የእግረኛው ነገር ይሻላል። በመኪና መጥቶ ፎቶ አንሥቶ የሚመለሰው የመግቢያ ዋጋ ብቻ ከፍሎ ምሳውን ደብረ ብርሃን ይበላል። የሚራመደው አስጎብኚ ይይዛል፣ በቅሎ ይከራያል፣ በማኅበረሰቡ ሎጅ ወይም በድንኳን ያድራል፣ ለብርዱም ባና ይገዛል። ጉሙ የመጀመሪያውን ቀን ሸፍኖበት ከሆነ ሁለተኛ ሌሊት ይጨምራል። ገንዘቡ በየቤቱ የሚዳረሰው በዝግታው ልክ ነው፤ ድርሻውም ማገዶ ለተከለከለችው ቤት እንዲደርስ መደልደል የማኅበረሰቡ መብትም ግዴታም ነው።

በዚሁ ሚዛን እግረኛውም አይለቀቅም። ተረከዝም ሣር ይገድላል፤ ብዙ ሰው የረገጠው የእግር መንገድ በአንድ ክረምት የጎርፍ ቦይ ይሆናል። ስለዚህ ወደ አፋፉ የሚወስዱት መንገዶች ተራ በተራ ይዘጉ። የትኛው እንደሚዘጋና ለስንት ዓመት እንደሆነ የሚወስኑት ሣሩን የሚያውቁት የመንዝ ሰዎች ይሁኑ፤ ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳም እዚህኛው ዘንድሮ አይኬድም ሲባል በሌላኛው ይሂድ።