ከዓለም ገና እስከ ቡታጅራ በመንገድ ዳር ያየነው

መንገደኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሚደርስበትን ስፍራ ብቻ እያሰበ የሚሔድ ነው፤ ሁለተኛው ግን በግራና በቀኝ ያለውን እየተመለከተ፤ ያላወቀውን እየጠየቀ የሚሔድ ነው። እኔ ከፊተኞቹ ወገን እንደ ነበርሁ ሳልደብቅ እናገራለሁ። ባለቤቴን በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ወላይታ ሳደርስ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶታል፤ በዚህም ሁሉ ዘመን ከዓለም ገና ተነሥቼ ቡታጅራ እስክገባ ድረስ ቤንዚን ለመቅዳት ካልሆነ በቀር መኪናዬን አቁሜ አላውቅም። እርሷ በመንገድ ዳር የተተከለ ሰሌዳ አይታ «ያ የሚያመለክተው ምንድር ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ፤ «ስንመለስ እናየዋለን» እላት ነበር። ስንመለስ ደግሞ ይመሻል።

ባለፈው ክረምት የዓይን ሐኪም መርምሮ ግላኮማ የሚባል በሽታ እንዳለባት ነገረን። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ በማለቱ የማየትን ነርቭ የሚጎዳ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይቆያል፤ አስቀድሞ የሚወስደውም ፊት ለፊት ያለውን ሳይሆን በዳርና በዳር ያለውን ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በየቀኑ በሚንጠባጠብ መድኃኒት ለመጠበቅ ይቻላል። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳ ባለቤቴ ዝም ብላ ሰማች፤ ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን፤ «እንግዲያስ አስቀድሞ የሚጠፋብኝ አንተ ያላቆምህልኝ ነገር ሁሉ ነው» አለችኝ። የተናገረችው እየሳቀች ነው፤ እኔን ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ፤ ዝናቡ እንዳባራ፤ ዘመድ ለመጠየቅ ሳይሆን ለማየት ብቻ ተነሣን። ዳቦ ቆሎና አንድ ፔርሙዝ ቡና ያዝን። ከዓለም ገና ወደ ደቡብ በሚታጠፈው መንገድ እንደ ገባን፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነበረ፤ የአደይ አበባም ከየማሳው ድንበር ፈጽሞ አልረገፈም ነበር።

መጀመሪያ የቆምነው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬ ነው። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በዚህ ስፍራ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ መኖሩን በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያስታወቀው ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ጥናት ባለሙያ ነው፤ ከ1965 ጀምሮም ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዘመን ቁፋሮውን መርቶአል። ቦታው በአቅራቢያው ካለው ከባልጪት ጋር በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል። የባልጪት ስም እኛ በአማርኛ ባልጩት የምንለውን ያስታውሳል፤ በዚያም መስተዋት የመሰለ ጥቁር ድንጋይ በብዛት ይገኛል፤ የጥንት ሰዎችም ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምረው ምላጭ አድርገውበታል።

ሙዚየሙ እንደ ጎጆ ክብ ሆነው በተሠሩ ትንንሽ ቤቶች የተከፈለ ነው። እኔ ድንጋዮቹን በችኰላ አይቼ ልወጣ ስል አስረጂው ስለ አንድ ነገር መናገር ጀመረ። ጎምቦሬ በሚባለው ክፍል፤ በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ፤ 700,000 ዓመት የሆነው የሰው የእግር ዱካ ተገኝቶአል፤ ከዱካዎቹም መካከል የሕፃናት አሉበት። በዚያው አጠገብ ጉማሬ ታርዶ የተበለተበት ምልክት አለ። ከሕፃናቱም አንዱ ገና መራመድ የጀመረ ይመስላል አለን። ባለቤቴ ይህን በሰማች ጊዜ፤ «እናቱስ የት ሔዳ ነው?» ብላ ጠየቀች። አስረጂው ወጣት ነውና ጥቂት ደንገጥ ብሎ፤ «የአዋቂም ዱካ አብሮ አለ እማማ፤ ብቻውን አልነበረም» ሲል መለሰላት። እርሷም ደስ አላት። ወደ መኪናው ስንመለስ የበኵር ልጃችን በእግሩ የቆመበትን ቀን አነሣችብኝ። እኔ በዚያ ቀን በሥራ ምክንያት ከቤት አልነበርሁም፤ ስለዚህም የምናገረው አልነበረኝም።

ከዚያ ጥቂት እንደ ሔድን ወደ አዳዲ ማርያም የሚያስገባው መንገድ ደረሰ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከአለት ተፈልፍላ የተሠራች ናት፤ የአገሩም ሰው የቅዱስ ላሊበላ ሥራ መሆኗን ይተርካል። ከዋናው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ባለቤቴ አንገቷን አዙራ ተመለከተች፤ አሁን ከጎኗ ያለውን ለማየት አንገቷን ማዞር ግድ ሆኖባታልና። እኔም ሳላስበው «ስንመለስ» አልሁ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰማሁት። እርሷ ምንም አልተናገረችም፤ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ።

ቲያ ስንደርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር። በአጥር በተከለለው መስክ ውስጥ 36 ድንጋዮች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም 32ቱ ሥዕል የተቀረጸባቸው ናቸው፤ በ1980ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አንዳንዶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ እንደ ደከመ ሽማግሌ ዘንበል ብለዋል። ከሥራቸው መቃብር እንዳለ በቁፋሮ ታውቆአል። ከዕድሜ ብዛት የተነሣ ማን እንዳቆማቸው ስለ ተረሳ፤ የአካባቢው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ኢማም አሕመድ ከተነሣበት ዘመን የቀደሙ ናቸው። ከተቀረጸባቸው ምልክት የብዙው ትርጉም እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ ጎራዴው ግን ለማንም ግልጽ ነው። ጫፉን ወደ ላይም ወደ ታችም ያደረገ ጎራዴ በድንጋዩ ላይ ተደርድሮ ይታያል።

ጠባቂው በእጅ መንካት የተከለከለ መሆኑን ነገረንና በዓይናችን ብቻ ተመለከትን። ባንደኛው ድንጋይ ላይ እኔ አራት ጎራዴ ቈጠርሁ። ባለቤቴ ራሷን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላ እያዞረች ስትቈጥር ቆየችና፤ «ስድስት ነው» አለች። ተከራከርኋት፤ ዓይኗን ታማለችና የተሳሳተች መስሎኝ ነበር። ዳግመኛ ብቈጥር ሁለቱ በድንጋዩ ጠርዝ በኩል፤ ሽበት የመሰለ ሻጋታ ሸፍኖአቸው ተገኙ። ጠባቂው ሳቀብኝ፤ መሳቁም ተገቢ ነበር።

በቡዒና በኬላ አልፈን ቡታጅራ ገባን፤ ክትፎውን ከቆጮ ጋር በላን። ስለ ክትፎው ብዙ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ይበልጣል።

ከቡታጅራ ወጥቶ በወራቤ መንገድ ብዙ ሳይርቅ ሐረ ሸይጣን የሚባል ሐይቅ አለ፤ የሰይጣን ሐይቅ ማለት ነው። ከመሬት በታች የነበረ የእሳተ ገሞራ ግለት ከውሃ ጋር ተገናኝቶ በመፈንዳቱ የተከፈተ ጥልቅ ጕድጓድ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር አረንጓዴ ውሃ ይታያል። ገና ከመኪና ሳንወርድ የሰፈሩ ልጆች ከበቡንና ወደዚህ ውሃ የተወረወረ ድንጋይ ከቶ አይደርስም፤ ሰይጣኑ በአየር ላይ ይቀልበዋል ብለው ማሉልን። ድንጋይም እየመረጡ አቀረቡልን፤ ይህ ሥራቸው ነውና። እኔ ግን የገደሉ ስፋት ዓይን ከሚገምተው በላይ ስለ ሆነ ይመስለኛል።

ኮቴን አውልቄ ባለኝ ኃይል ወረወርሁ። ድንጋዩ ከዓይኔ ሥር ከቍጥቋጦው ውስጥ ገባ። ባለቤቴ፤ «ደረሰ?» አለችኝ፤ ድንጋዩ ወዲያው ስለ ተሰወረባት። «ደረሰ» ብዬ ልዋሽና ላስደስታት አሰብሁ፤ ከዚያ ግን «አልደረሰም» አልኋት። እርሷም አንድ ትንሽ ልጅ የሰጣትን ድንጋይ ይዛ ወደ ዳር ቀረበች። እኔ እንዳትወድቅ ክንዷን ይዤ እግሯን እግሯን ስመለከት ወረወረች። «የኔስ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አላየሁም። ልጆቹን ብንጠይቅ ያ ትንሹ ልጅ ውሃው ሲነቃነቅ አይቻለሁ አለ፤ ሌሎቹ በቍጣ ጮኹበት፤ ከቶ ደርሶ አያውቅም፤ ዛሬም አልደረሰም አሉ። ክርክራቸውን እንደያዙ ትተናቸው ስንሔድ ትንሹ አንድ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ይምል ነበር።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ጕዞ ጀመርን። ባለቤቴ በመንገድ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከእንቅልፏ የነቃችው መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ በድንጋያማው መንገድ ሲንገጫገጭ ነው። «ምነው፤ ተሳሳትህ?» አለችኝ። «አዳዲ ነው» አልኋት።

ስንደርስ 11 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኗም በር ተዘግቶአል። ቍልፉን የያዙት ቄስ ወደ ቤታቸው ሔደዋል አሉን። አንድ ልጅ ልከን፤ ከአለቱ ጫፍ ላይ ነጠላዋን አንጥፋልኝ፤ የቀረውን ቡና በፔርሙዙ ክዳን ተራ በተራ እየጠጣን ጠበቅናቸው።