ከአፋችን የተመለሰ ጉርሻ

ለዜግነት ፈተና ያኔ ይጠየቁ የነበሩትን 100 ጥያቄዎች ለጎረቤቴ ለእትዬ ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ከተማ፣ ወጥ ቤታቸው ቁጭ ብለን፣ ቡናው እየፈላ። «ይበርቱ እንጂ፣ ዜጋ ሲሆኑ ሁሉም ይቀልልዎታል» እላቸው ነበር። ያ ቃሌ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ማሉ። እልል ብለን ሸኘናቸው። በቀጣዩ ዓመት የጤና ኢንሹራንሳቸውን ላድስላቸው ስቀመጥ ድጎማው ቀርቷል። ግሪን ካርድ ይዘው ሳለ፣ በስደተኝነታቸው ሜዲኬይድ (መንግሥት ለድሆች የሚሰጠው የጤና መድን) ስለማይፈቀድላቸው፣ ገቢያቸው ከድህነት ወለል በታች ቢሆንም ኦባማኬር የሚባለው የጤና መድን ሕግ ይደጉማቸው ነበር። ድሃ ዜጋ ግን ሜዲኬይድ ያገኛል ተብሎ ስለታሰበ ሕጉ ድጎማ አላዘጋጀለትም። ቴክሳስ ደግሞ ሜዲኬይድን ለድሆች ሁሉ ማስፋቱን አልቀበልም ብላለች። እዚህ ከ65 ዓመት በታች የሆነ፣ ልጅ የማያሳድግ፣ አካል ጉዳተኛ ያልተባለ ጎልማሳ የቱንም ያህል ቢደኸይ በአብዛኛው አይሰጠውም።

ሀብት አጥተን ቢሆን ኖሮ ባልቆጨኝ። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜዲኬይድን ማስፋቱን ለየግዛቱ ምርጫ ሲተወው፣ አገረ ገዥው ሪክ ፔሪ ወር ሳይሞላ እምቢታቸውን ጽፈው ላኩ። ዋሽንግተን ከ2014 እስከ 2016 አዲስ ለሚገቡት ሰዎች መቶ በመቶ ልትከፍል፣ ኋላም ከ90 በመቶ ላትወርድ ሕግ ነበረ። የፌዴራል ግብሩን እኛም እንከፍላለን! የካሊፎርኒያውን ሕመምተኛ አሳከመ፣ ደግ፣ ይታከም። የእኛዎቹስ? በመላው አሜሪካ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው የሚበዛባት ግዛት ቴክሳስ ናት።

በ2021 ሌላ ዕድል መጣ። ኮንግረሱ አዲስ ለሚያሰፉ ግዛቶች የሁለት ዓመት ጭማሪ ገንዘብ አቀረበ። በግዛታችን ዋና ከተማ ኦስቲን፣ በፌዴራሉ ገንዘብ ሽፋኑን ለማስፋት በበጀቱ ላይ የቀረበው ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት 68 ለ80 ወደቀ። ሰባት ሰዎች ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ቢያንስ ያንን ደጅ ያልፍ ነበር። ሰባት ሰው! የሰፈራችን ዕድር ስብሰባ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ለወኪላችን ደውዬ ነበር ወይ? አልደወልኩም። ማን ይሰማኛል ብዬ ተውኩት።

እትዬ በእነዚያ ዓመታት ኢንሱሊናቸውን እየቆጠቡ ይወጉ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት የሚሆነውን ለወር ያብቃቁታል። የእግራቸውን ቁስል በካልሲ ሸፍነው ደብቀውኛል። «ኢመርጀንሲ ከሄድኩ ቢሉን ማን ይከፍለዋል?» ነበር ኋላ ያሉኝ። ስንወስዳቸው እግሩ ጠቁሯል፤ ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ከዚያ አካል ጉዳተኛ ተባሉ። ድሃ አካል ጉዳተኛ ደግሞ ቴክሳስም ውስጥ ሜዲኬይድ ይገባዋል። ካርዱ በፖስታ የደረሳቸው ዕለት ስልክ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ መጣልኝ እኮ!» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።