ፍሬኑን ማን ረገጠው?

አክስቴን እታለም ነበር የምንላት። ስትሞት እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ለቀስተኛው ‹‹ምን ሆና ነው?›› ሲል የቤቱ መልስ አንድ ነበር፤ ‹‹አሟት ነው››። በቃ! ዕድሜ ለይሉኝታ፣ እኛ ሰፈር ካንሰር የሚባል ቃል አይጠራም። ቢበዛ ድምፅ ተቀንሶ ‹‹ያ በሽታ›› ይባላል፤ ስሙ ከተጠራ አቤት ብሎ የሚመጣ ይመስል።

እኔ ግን ከሁሉም ቀድሜ አውቄዋለሁ። እታለም እንግሊዝኛ አታነብም። አንድ ቀን የምርመራ ወረቀቷን ከመቀነቷ ፈታ ሰጠችኝና ‹‹አንተ ልጅ፣ እስቲ አንብብልኝ፤ ምን ይላል?›› አለችኝ። አነበብኩት። የጡት ካንሰር ይላል። ‹‹ትንሽ እጢ ነው እታለም፤ በመድኃኒት ይጠፋል›› አልኳት። መረቀችኝ። ቀላል ነገር መስሏት ሐኪሙ የቀጠራትን ቀን አሳለፈችው። ስትመለስ ረፍዶ ነበር። ምርቃቷ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ለምን አሁን አነሳሁት? ሰሞኑን ስለ አንድ ሳይንቲስት ሳነብ ስለሰነበትኩ ነው። ጄምስ አሊሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1948 ቴክሳስ ውስጥ አሊስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ እናቱን ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነጠቀው። ሁለት አጎቶቹም በካንሰር ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ወንድሙ በፕሮስቴት ካንሰር ሞተ። በሽታው የዚህን ሰውዬ ቤት በቃሉ ያውቀዋል ማለት ነው።

ሰውዬው ግትር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሳለ የባዮሎጂ ትምህርቱ ዝግመተ ለውጥን የማይነካ ሆኖ ሲያገኘው ‹‹እንግዲያው ይቅርብኝ›› ብሎ በተልእኮ ተማረ። ይቺ ግትርነት ኋላ ጠቀመችው።

ሥራውን በታክሲ ላስረዳችሁ። ሰውነታችንን የሚጠብቁ ቲ ሴል የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። እንደ ሚኒባስ አስቧቸው። ሞተሩን የሚያስነሳ ቁልፍ አላቸው፤ ነዳጅ መርገጫ አላቸው፤ ፍሬንም አላቸው። ፍሬን ባይኖራቸው የገዛ አካላችንን ይገጩት ነበር። ሲቲኤልኤ-4 የሚባለው ፕሮቲን ከነዚህ ፍሬኖች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አንዳንዶች ‹‹ነዳጅ ነው›› ሲሉ፣ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበረው አሊሰንና ሌሎች ተመራማሪዎች ፍሬን መሆኑን አሳዩ። ሌሎቹ ፍሬኑን ሰውነት ራሱን ለሚያጠቃባቸው በሽታዎች ሊጠቀሙበት አሰቡ። አሊሰን ግን ተገላቢጦሹን ጠየቀ፤ ፍሬኑ ቢነሳ ቲ ሴሎቹ ካንሰሩን አይገጩትም?

እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ፣ ካንሰር ያለባቸው አይጦች ላይ ፍሬኑን የሚያግድ አንቲቦዲ ሞከሩ። ውጤቱን ማመን ሲያቅታቸው፣ ሰው ለገና እረፍት ሲበተን እነሱ ደገሙት። አይጦቹ ዳኑ! የመድኃኒት ኩባንያዎች ግን እምብዛም ጆሮ አልሰጡትም። ኢፒሊሙማብ የተባለው መድኃኒት ለተስፋፋ ሜላኖማ፣ ማለትም ለክፉው የቆዳ ካንሰር፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከአይጦቹ በኋላ አስራ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሊሰን፣ ፒዲ-1 የተባለውን ሌላ ፍሬን ካገኘው ጃፓናዊ ታሱኩ ሆንጆ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ሁሉን ያድናል አላልኩም። ብዙዎች ላይ አይሠራም። ፍሬኑ የተነሳለት ሚኒባስ አንዳንዴ አንጀትም ቆዳም ይገጫል። ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። እታለምን ያድናት ነበር ብዬም አልዋሽም። አንድ ጊዜ የዋሸሁት ይበቃኛል።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ያ ሰውዬ እናቱን የወሰደውን ነገር በስሙ ጠርቶ ዕድሜውን ሙሉ ጠየቀው። እኔ ወረቀት ላይ የተጻፈች አንዲት ቃል ማንበብ አቃተኝ። እታለም ላይ ፍሬን የረገጥኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር እናቴ ብብቷ ስር የሆነ ነገር ነካትና ሐኪም ቤት ሄድን። ውጤቱ ሲመጣ እጄ እየተንቀጠቀጠ አነበብኩት። ካንሰር አይደለም ይላል። ደስ ብሎኝ ‹‹እማዬ፣ ምንም የለም! ትንሽ እጢ ነው›› አልኳት።

ዝም ብላ አየችኝ።

‹‹ለእታለምም እንዲህ ነበር ያልካት።››

ለካ ታውቅ ኖሯል። ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለችኝና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ለጎረቤት ልጅ ልታስነብበው።